የአንባብያን ጥያቄ፦ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች የደረሱን ከጎንደርና ከአካባቢዋ ሲሆን፣ ሁሉም የሚያነሡት የአሮጌ ፒክአፕ መኪናዎችን የፊት መብራት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር እንዲህ ያለው ደብዳቤ ይበዛል፤ በጋውን ሙሉ ተደብቆ የከረመውን የተበላ ሽቦና የዛገ ብሎን ዝናቡ ያጋልጠዋልና። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በጎንደርና በደባርቅ መካከል ድንችና ገብስ የማመላልስበት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ አለኝ። ከሁለት ወር ወዲህ የግራ የፊት መብራቱ ደክሞ እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆኗል፤ የቀኙ ግን ደኅና ነው። አምፖሉን ሁለት ጊዜ ብቀይርም ለውጥ አላየሁም። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ «አምፖሉ አቅም ስለሌለው ነው» ብሎ በሁለቱም በኩል 100 ዋት የሆነ አምፖል አስገባልኝ። ሦስት ቀን ያህል የተሻለ ከመሰለኝ በኋላ የግራው ተመልሶ ደከመ፤ አሁን ደግሞ ሌሊት ስነዳ ከመሪው ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል። ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ ሳሳይ የፊት መብራቱም ከፍሬቻው ጋር አብሮ ይርገበገባል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉም ሲጥል መንገዱ ጨርሶ አይታየኝም። ምን ቢደረግ ይሻላል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ሁለቱንም ባለ 100 ዋት አምፖሎች ያስወጡና መኪናውን በነበረው ዓይነት ይመልሱት። የሚሸትዎት ፕላስቲክ የመብራት ማብሪያው ወይም ወደ እርሱ የሚገባው ሽቦ ሙቀት መሆኑን መጠርጠር ይገባል፤ ይህ ሽታ እያለ መንዳት ደግሞ በዳሽቦርድ ውስጥ እሳት እንደ መያዝ ነው። ይህ እስኪስተካከል ድረስ በሌሊት ወደ ደባርቅ ባይወጡ ይመረጣል።

ወደ ጉዳዩ ስንመጣ፣ «ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ» ብለው በመጨረሻ የጨመሩት ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤዎ ሁሉ ዋናው ነው። ፍሬቻው ብልጭ ሲል የፊት መብራቱ አብሮ የሚርገበገበው ሁለቱ የሚጋሩት መንገድ ስለ ታመመ ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ በአብዛኛው መኪና ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ በማብሪያው በኩል አምፖሉ ዘንድ ሲደርስ ሥራው በግማሽ ብቻ የተከናወነ ነው፤ በቦዲውና በሻንሲው በኩል ወደ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ ካልተመለሰ አምፖሉ አይበራም። የግራው የፊት መብራት፣ የግራው ፓርኪንግና የግራው ፍሬቻ መመለሻ ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ ከግራው ፓራፋንጎ ኋላ በአንድ ብሎን ይታሰራሉ። ያ ብሎን ሲዝግ መመለሻው ይጠብባል፤ ፍሬቻው በበራ ቁጥር በጠበበው በር ሌላ ሰው ለመግባት እንደሚገፋፋ ይሆንና የፊት መብራቱ ድርሻውን ያጣል። የቀኙ ደኅና መሆኑም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ችግሩ ከባትሪው ወይም ከዲናሞው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በአንድነት ይደክሙ ነበር።

ጥቂት የማይባሉ አሽከርካሪዎች የመብራትን ድካም በአምፖሉ ላይ የሚያሳብቡት አምፖሉ በዓይን የሚታይና በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የሃሎጅን አምፖል እንደ ሻማ እያለቀ ቀስ በቀስ የሚደክም ዕቃ አይደለም፤ በጥቅሉ ወይ ይበራል፣ ወይ ክሩ ይበጠስና ይጠፋል። አዲስ አምፖል ገብቶለት ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ካለ የሚጎድለው ቮልት ነው። የሚጎድለው ቮልት ደግሞ ትንሽ ቢመስልም በብርሃኑ ላይ የሚያሳየው ጉዳት ከፍ ያለ ነው። አምፖሉ ዘንድ የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ቮልቱ በ15 በመቶ ሲቀንስ የሚቀረው ብርሃን ከ60 በመቶ አይበልጥም። ለዚህ ነው ከ12 ቮልት ውስጥ አንድ ቮልት ተኩል በመንገድ ላይ የቀረበት መብራት ኩራዝ የሚመስለው።

ባለ 100 ዋቱ አምፖል ያልረዳበት ምክንያትም ከዚሁ ይወጣል። በአብዛኛዎቹ አሮጌ ፒክአፖች ላይ የሚገባው ኤች 4 የተባለው አምፖል ለአጭር መብራት 55፣ ለረጅም መብራት 60 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲሰላ አጭሩ ክር 4.6 አምፒር ገደማ ይወስዳል። በዛገው ብሎን ላይ 0.3 ኦም የሚያህል፣ ኤሌክትሪኩን የሚያግድ ተቃውሞ አለ ብንል፣ በ4.6 አምፒር 1.4 ቮልት ይጠፋል። ባለ 100 ዋቱ አምፖል በተለምዶ አጭሩ ክር 90 ዋት ስለሆነ 7.5 አምፒር ይጠይቃል፤ ይህም በዚያው ብሎን ላይ የሚጠፋውን ወደ 2.25 ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ዋቱ ሲጨምር በመንገድ የሚባክነውም አብሮ ይጨምራል፤ የባከነው ደግሞ ወደ ሙቀት ተለውጦ ብሎኑን፣ ሶኬቱንና ማብሪያውን ያበስላል። አምፖሉን ያስገባልዎት ባለሙያ በክፋት አደረገው አልልም፤ ነገር ግን ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ቢያነሣ ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ ባልደረሰብዎት ነበር።

ልኬቱ አንድ ሩብ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው። ሞተሩን ያስነሡ፣ አጭር መብራቱን ያብሩ፤ ሶኬቱን ግን ከአምፖሉ አይንቀሉት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ለብቻው ስለሚለካ ነው፤ ጭነት በሌለበት ከሃያ ክሮች አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦ እንኳ ሙሉ 12 ቮልት ታሳያለች። አስቀድመው በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ይለኩ፤ ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ቢያሳይ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ቀጥለው የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው አሉታዊ ጫፍ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ ከሶኬቱ ኋላ አስገብተው በአጭሩ መብራት ሽቦ ላይ ያድርጉት፤ ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ሊበልጥ አይገባም። በመጨረሻም ጥቁሩን ሳያነሡ ቀዩን ወደ ሶኬቱ የማሳ ሽቦ ያዛውሩት። ማሳው ጤነኛ ከሆነ የሚያዩት ቁጥር ከ0.2 ቮልት ያነሰ ነው። በእርስዎ መኪና ላይ ግን ከአንድ ቮልት በላይ እንደሚያዩ፣ ፍሬቻው በበራ ቁጥርም ቁጥሩ እንደሚዘል እገምታለሁ።

ቴስተር ባይኖርዎት ደግሞ አንድ ክንድ ተኩል የሚያህል ወፈር ያለ ሽቦ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በሶኬቱ የማሳ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው አሉታዊ ጫፍ ላይ አስነክተው መብራቱን ይመልከቱ፤ ወዲያው ከነጣ ምርመራው አልቋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማጽዳት ነው፤ ሥራውን ግን ከላይ ከላይ መሥራት ዋጋ የለውም። አስቀድመው የባትሪውን አሉታዊ ጫፍ ይፍቱ። ከፓራፋንጎው ኋላ ያለውን የማሳ ብሎን ሲያገኙት ጭቃ የደረቀበት፣ በሽቦው ጫፍ ዙሪያ አረንጓዴ ዱቄት የወጣበት ሆኖ ሊጠብቅዎት ይችላል፤ ባትሪው በዚያው በኩል ከተቀመጠ አሲዱም ድርሻ አለው። ብሎኑን ያውጡ፤ የሽቦውን ጫፍ በሁለት ፊቱ፣ ከሥሩ ያለውን የቦዲውን ቆርቆሮም እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ቀለሙን ነው፤ መኪናው በአንድ ወቅት እንደ ገና ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ብሎኑ የታሰረው በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን በቀለሙ ላይ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ መኪና ላይ ግማሽ ቀን ስደክም ውዬ፣ ዝገት የሌለበትን ውብ ብሎን ሦስት ጊዜ አይቼ ሳልፈው ከቆየሁ በኋላ፣ ከሥሩ ያለውን ሰማያዊ ቀለም በካቻቢቴ ጫፍ ጫር ጫር ባደርገው መብራቱ ፊቴ ላይ ቦግ አለ። አዲስ ሮንዴላ ጨምረው አጥብቀው ካሠሩት በኋላ ውኃ እንዳይገባው ከላዩ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ይቀቡት፤ በመሀሉ ግን አይቀቡ። የሽቦው ጫፍ ተበልቶ አልቆ ከሆነ በአዲስ ጫፍ ይቀየር እንጂ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው መድኃኒት አይሆንም፤ ናስትሮው እርጥበቱን ያስቀረዋል።

አሁን ወደ መሪው ሥር ወዳለው ሽታ እንመለስ። በብዙ አሮጌ መኪናዎች የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚያልፈው በማብሪያው ውስጥ ነው። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ረጅም ላይ ሲሆኑ 10 አምፒር ያህል ይወስዳሉ፤ ሁለት ባለ 100 ዋቶች ግን ወደ 17 አምፒር ይጠጋሉ፤ ማብሪያው ለዚህ አልተሠራም። ማብሪያውን አስፈትተው የውስጥ ነጥቦቹ መጥቆራቸውን፣ የሶኬቱ ፕላስቲክ መቅለጥ አለመቅለጡን ያሳዩ። ቀልጦ ከሆነ ማብሪያውን ከነሶኬቱ መቀየር ግድ ነው። ጠቁሮ ብቻ ከሆነ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ለጊዜው ያሠራል።

መብራቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ይልቅ እንዲሻል ከፈለጉ ደግሞ ገንዘብዎን በዋት ላይ ሳይሆን በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ እየታዘዘ ብዙውን በሚከፍትና በሚዘጋ ማብሪያ) ላይ ያውሉት። አንድ ሪሌ ለአጭር፣ አንድ ሪሌ ለረጅም ተገጥሞ፣ ከባትሪው በቀጥታ 2.5 ወይም 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ሲሳብለት፣ የድሮው ማብሪያ ሪሌውን የማስነሣት ሥራ ብቻ ይቀረዋል፤ ለዚያ የሚያስፈልገውም ከሩብ አምፒር ብዙ አይርቅም። አዲሱ ሽቦ ከባትሪው እንደ ወጣ፣ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ፣ የራሱ ፊውዝ ይደረግለት። ይህ ሥራ በወጉ ከተሠራ ባለ 55 ዋቱ አምፖል በታመመ ሽቦ ላይ ከተሰካው ባለ 100 ዋት ይልቅ አሻግሮ ያሳያል። ሆኖም አምባ ጊዮርጊስ ላይ ለሚጥለው ጉም ረጅም መብራት እንደማይረዳዎት ልብ ይበሉ፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ የራስዎን ዓይን ስለሚመታ በአጭር መብራት ዝግ ብሎ መሄድ ነው።

አምፖሉን ሲመልሱ መስታወቱን በጣትዎ አይንኩት። ከጣት የሚቀረው ቅባት ሃሎጅኑ ሲግል አንዱን ቦታ ለይቶ ያሞቀውና ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከነኩት በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጠርገው ያስገቡት።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ የነበረውን አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ወንድሜ ይነዳልኛል። አጭር መብራቱን ሲያበራ የግራው በሚገባ ይበራል፤ የቀኙ ግን ቀላ ብሎ እንደ ፍም ይታያል። የሚያስገርመው ደግሞ ረጅም መብራት ሳይበራ በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ ምልክት ደብዘዝ ብላ መብራቷ ነው። ሦስት ሰው ዘንድ ወስደነው አንዱ ማብሪያው፣ አንዱ አምፖሉ፣ አንዱ ሽቦው በሙሉ ተበላሽቷል አለን። ሽቦው በሙሉ ይቀየር የተባለበት ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። (ከቆላድባ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሽቦውን በሙሉ ለመቀየር አይቸኩሉ፤ ነገሩ በአንድ ፊውዝ ሊያልቅ ይችላል።

ብዙዎቹ አሮጌ የቶዮታ ስሪቶች የፊት መብራታቸው ከሌሎች መኪናዎች በተቃራኒ የተዘረጋ ነው። በሌሎቹ ማሳው በቋሚነት ታስሮ ማብሪያው የሚሰጠውና የሚከለክለው አዎንታዊውን ነው። በእነዚህ ቶዮታዎች ግን አዎንታዊው በፊውዝ በኩል አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል፣ የግራውና የቀኙ ለየራሳቸው ፊውዝ አላቸው፤ አጭርና ረጅም የሚለየው ማብሪያ ደግሞ የሚከፍትና የሚዘጋው የማሳውን መመለሻ ነው። የቀኙ ፊውዝ ሲቃጠል የቀኙ አምፖል በራሱ መንገድ ምንም አያገኝም። ይሁን እንጂ የሁለቱ አምፖሎች መመለሻ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለሆኑ፣ ከግራው አምፖል የረጅሙ ክር የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጓሮ ዞሮ የቀኙን ረጅም ክር፣ ቀጥሎም የቀኙን አጭር ክር አቋርጦ ወደ ማሳ ይወርዳል። ሦስት ክሮች በሰልፍ ቆመው የአንዱን ቮልት ሲካፈሉ እንደ ፍም ከመቅላት በስተቀር አቅም አይኖራቸውም። ሰማያዊዋ ምልክትም በዚሁ የጓሮ መንገድ ላይ ስለ ተጣደች ከሚገባት ጥቂቱን ታገኝና ደብዘዝ ብላ ትበራለች። የተጻፉልኝ ሦስቱ ምልክቶች በአንድ መኪና ላይ በአንድነት ሲገኙ ከተቃጠለ ፊውዝ በፊት ሌላ ነገር አልጠረጥርም።

ወንድምዎ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ከፍቶ በክዳኑ ላይ ባለው ሥዕል የቀኙን የፊት መብራት ፊውዝ ይፈልግ። በዓይን አይቶ «ደኅና ነው» ብሎ እንዳይመልሰው አደራ፤ ክሩ በጸጉር ስፋት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ነቅሎ በአዲስ መለወጥ ይሻላል፤ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር 10 ከሆነ 10፣ 15 ከሆነ 15 አምፒር ይሁን። የፊውዝ እግር የሚገባበት ቦታ ዝጎ ወይም ሰፍቶ ከሆነም ያው ምልክት ይታያል፤ ስለዚህ አዲሱ ፊውዝ ሲገባ ጠበቅ ማለቱን ይይ።

አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ግን መቀየሩን አቁሞ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል፤ በዚህ መኪና ላይ በብዛት የሚገኘው ሽቦው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ተፋትጎ ልባሱ የተላጠበት ቦታ ነው። የሲጋራ ብር ወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ በፊውዝ ምትክ የሚያስገባ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናውን ይዛችሁ ውጡ። በዚያ ጊዜ ፊውዙ ሳይሆን የሚቃጠለው መኪናው ነው።

ሦስቱ ባለሙያዎች ለምን እንደ ተለያዩም መገመት ይቻላል። የሙከራ አምፖል በሻንሲው ላይ አስረው የሶኬቱን እግሮች ሲነኩ፣ በዚህ ዓይነት ዝርጋታ ኤሌክትሪክ በማይጠበቅበት እግር ላይ ሁሉ ይታያል፤ ሌሎች መኪናዎችን የለመደ እጅ በቀላሉ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ከሱዳን ድንበር ወዲህ በመተማ መንገድ ሰሊጥ አመላልሳለሁ። ሁሉም ሰው ኤልኢዲ አምፖል እያስገባ ነው። ለአሮጌው ፒክአፔ ይሆናል? (ከጎንደር፣ አውቶ ፓርኮ አካባቢ)

መልስ፦ እኔ አላስገባም። የአሮጌው መብራት አንጸባራቂ ሳህንና መስታወት የተቀረጹት የሃሎጅኑ ክር በሚቀመጥባት ትክክለኛ ነጥብ ላይ ተመሥርተው ነው፤ በርካሽ የሚሸጡት ኤልኢዲዎች የሚያበሩበት ገጽ ከዚያች ነጥብ ስለሚለይ ብርሃኑ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ዛፍና ወደ ተቃራኒው አሽከርካሪ ዓይን ይበተናል። ከፊት ለፊትዎ ያለው አስፋልት ነጣ ስለሚል በጣም የሚያይ ይመስልዎታል፣ ራቅ ብሎ የቆመውን በሬ ግን አያሳይዎትም። በተጨማሪም መኪናዎ ከላይ የጻፍሁት ዓይነት ቶዮታ ከሆነ፣ ኤልኢዲ አዎንታዊና አሉታዊ ስለሚመርጥ አጭሩና ረጅሙ ሊዘበራረቅ ወይም ጨርሶ ላይበራ ይችላል።

ጥያቄ፦ አጭር መብራት ይዤ ስሄድ እንኳ ከፊት የሚመጡት ሁሉ ረጅም እያበሩ ይሰድቡኛል። መኪናው መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው፤ የፊት መብራቱ ግን አብሮት የመጣው ነው። ጭነት ስጭን ደግሞ ስድቡ ይብሳል። (ከማክሰኚት)

መልስ፦ ስድቡ ተገቢ ነው። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ስለሆነ፣ የአጭር መብራቱ ብርሃን የመንገዱን ጠርዝ ለማሳየት በግራ በኩል ከፍ ይላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ከፍ ያለው ብርሃን በቀጥታ የሚያርፈው በተቃራኒው አሽከርካሪ ፊት ላይ ነው። ቅርጹን የሚሰጠው መስታወቱ ስለሆነ በብሎን ማስተካከል ይህን አያርመውም፤ መሪውን ያዞረው ሰው መብራቶቹንም በቀኝ ለሚነዳ አገር በተሠሩት መቀየር ነበረበት። ገንዘብ እስኪያገኙ ድረስ መብራቱን ዝቅ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ለማስተካከል ግድግዳና ከፊቱ 10 ሜትር ሜዳ ያስፈልጋል። በጎንደር ከተማ ውስጥ አምፖል ከማግኘት ይልቅ 10 ሜትር ሜዳ ማግኘት ይከብዳል፤ እርስዎ ግን በማክሰኚት ስለሚኖሩ ዕድለኛ ነዎት። የጎማውን ነፋስ አስተካክለው፣ አንድ ሰው በመሪው ላይ አስቀምጠው፣ ዘወትር የሚጭኑትን ያህል ጭነት ያድርጉበት፤ የፒክአፕ ኋላ ሲጫን ስለሚወርድ አፍንጫው ከነመብራቱ ወደ ላይ ይቀናል፤ ጭነት ሲጭኑ ስድቡ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ከመሬት እስከ መብራቱ መሀል ያለውን ቁመት ለክተው በግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር ያስምሩ፤ ከእርሱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ሁለተኛ መስመር ይጨምሩ። አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነው የሌላውን የላይኛ የብርሃን ጠርዝ በማስተካከያው ብሎን ወደ ሁለተኛው መስመር ያውርዱት፤ ከዚያም ተራውን ይለውጡ። ጠርዙ የሚለካው በጠፍጣፋው በኩል እንጂ ከፍ በሚለው በኩል አይደለም። ብሎኑ ዝጎ እምቢ ካለ በኃይል አይታገሉት፣ የሚይዘው ፕላስቲክ ይሰበራል፤ ዘይት ጠብ አድርገውበት ይደር።

ጥያቄ፦ ከዝናብ በኋላ በመብራቱ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፤ ከውስጥ ያለው ብርማ ነገርም ደብዝዟል። በጥርስ ሳሙና ይወለወላል ይባላል፤ እውነት ነው? (ከጎንደር፣ ማራኪ)

መልስ፦ የጥርስ ሳሙናው የሚባለው ከውጭ ለቢጫ ፕላስቲክ ክዳን ነው፤ የእርስዎ መብራት እንደ አብዛኞቹ አሮጌ ፒክአፖች መስታወት ከሆነ ቢጫ አይሆንምና አያስፈልገውም። የውስጡን ብርማ ግን በምንም ነገር አይወልውሉት፤ እጅግ ስስ የሆነ የአሉሚኒየም ቅብ ስለሆነ በለስላሳ ጨርቅ እንኳ ይነሣል፤ የተነሣው ደግሞ አይመለስም። ደብዝዞ ከተላጠ መብራቱን በሙሉ መቀየር ነው። ውኃውን በሚመለከት፣ ከአምፖሉ ኋላ ያለውን ጎማ ክዳን ይመልከቱት፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም አምፖል የቀየረ ሰው ሳይመልሰው ቀርቶ ከሆነ ዝናቡ የሚገባው በዚያ ነው። አምፖሉን አውጥተው መብራቱን በፀሐይ ካደረቁት በኋላ አዲስ ጎማ ያልብሱት፤ ጎማው ሲገባም የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳው ወደ ታች መሆኑን ያረጋግጡ።